ሸኪብ እስኪጨርስ

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የገባነው በአንድ ሰሞን ነው። ዕጣው ሲወጣ እኔም እነ ሞሚናም ሦስተኛ ፎቅ ደረሰን፣ በር ለበር። ስሜ አቻምየለሽ ነው። የአቃቂ ልጅ ነኝ፤ አባቴ የባቡር ጣቢያ ሠራተኛ ነበር፣ እኔ ደግሞ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ስሠራ ኖሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ሞሚና ከወሎ የመጣች ሙስሊም ናት። በረመዳን ሳምቡሳዋ ሳይቀዘቅዝ በሬ ይደርሳል፤ እኔ ግን ሥጋዬን ስለማትበላ በየፋሲካው ሙዝ እንደገዛሁላት ነው። «የአንቺ ፋሲካ እኮ ዝንጀሮ አደረገኝ» እያለች ትስቅብኝ ነበር። ስትስቅ ምድር ቤት ድረስ ትሰማለች።

ላጫውታችሁ የፈለግሁት ግን ስለ ልጇ ስለ ሸኪብ ነው። ሸኪብ በሰፈራችን ጌም ሲጫወት የሚውል ሥራ ፈት ተብሎ የታማ ልጅ ነው። ልጅ አልኩ እንጂ ሠላሳ ሊሞላው ነው። ጠዋት አገሩ ሁሉ ለሚኒባስ ሲጋፋ እሱ በነጠላ ጫማ ዳቦ ሊገዛ ይወርዳል፤ ከዚያ ሳሎን ገብቶ ትልቅ ስክሪን ፊት ተቀመጠ ማለት ነው፣ በቃ። ከሐሜተኞቹ አንዷ እኔ ነበርኩ። ምን ይደረግ፣ ጡረተኛ ነኝ፤ ውሎዬ በረንዳ ላይ ነው።

አንድ ቀን አላስችል ብሎኝ ጠየቅሁት። «ለመሆኑ አንተ ልጅ ሥራህ ምንድን ነው?»

«እትዬ አቻምየለሽ፣ ከአቃቂ እዚህ ሲገቡ ቡፌዎን ምን አደረጉት?» አለኝ።

«ምን አደርገዋለሁ፣ በበሩ አልገባ ቢለኝ ሸጥኩት።»

«ቁም ሣጥኑንስ?»

«አናቱን አስቆረጥኩት።»

«በቃ የእኔም ሥራ እሱ ነው» አለና ሳቀ።

ከዚያ ወንበር ስቦልኝ አሳየኝ። ካባ ለብሶ የሚበር ጀግና ያለበት ጌም ነው። ጀግናው ከሕንፃ ሕንፃ እየዘለለ፣ ሊወድቅ ያለ አውቶቡስ በትከሻው እየደገፈ ሰው ያድናል። ከተማው ከቦሌም ከፒያሳም ይበልጣል፤ መስኮቱ ያንጸባርቃል፣ ዝናቡ አስፋልት ላይ ሲያርፍ ይታያል፣ በየመንገዱ ሕዝብ ይተራመሳል። ይህን ሁሉ የሚሸከመው ትልቅ ማሽን ነው። ሸኪብ የታዘዘው ደግሞ ያንኑ ጌም በሁለት እጅ ተይዛ በየትም የምትዞር ትንሽ መጫወቻ ውስጥ እንዲያስገባው ነው። ትንሿ አቅም የላትም፤ ሲበዛባት ትግላለች፣ ማራገቢያዋ ይጮኻል፣ ሥዕሉ ይቆራረጣል። ስለዚህ ይቀንሳል። የመስኮቱን ነጸብራቅ ያነሳል፣ ጥላውን ያሳሳል፣ ሩቅ ያለውን ሕንፃ ተራ ሣጥን ያደርገዋል። የሚጫወተው ሰው ምን እንደጎደለ ሳያውቅ መቅረት አለበት። ካወቀ ሥራው ተበላሽቷል ማለት ነው።

ሥራውን የሰጠው ፍቅሩ የሚባል ቦሌ አካባቢ ትንሽ ቢሮ ያለው ሰው ነው፤ ያዘዙት ግን ውጭ አገር ናቸው። ሸኪብ እስከዚያ ድረስ የሌላ ሰው ሥራ ሲያግዝ ነው የኖረው። ሙሉ ጌም በስሙ ሲሰጠው የመጀመሪያው ነበር። ሞሚና ይህን ስትነግረኝ የዳረችው ያህል ነበር ደስታዋ።

አሁን ስለ ደርዊሽ ልንገራችሁ። ደርዊሽ የሸኪብ ታላቅ ነው፤ የጅቡቲ መንገድ ተሳቢ ሹፌር። ለምን እንደማያገባ ሲጠየቅ «መኪናዬ ትቀናለች» የሚል ቀልደኛ። አባታቸው ሲሞት ሸኪብ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ላይ ነበር። ያኔ በፈተናው ጠዋት ለቀስተኛ ገብቶ አረዳውና ልጁ እስክሪብቶውን ጥሎ ቀረ፤ ዓመት ተቃጠለ። ደርዊሽ ከመንገድ ሲመለስ ይህን ሰምቶ ሽማግሌ ሳይል ዘመድ ሳይል ጮኸባቸው። «ፈተናውን ጨርሶ ቢነገረው አባቴ ሁለተኛ ይሞት ነበር? ከእንግዲህ ሸኪብ ሥራ ይዞ ሳለ እኔ እንኳ ብሞት እስኪጨርስ ትንፍሽ እንዳትሉ!» አለ። እሱ ቀድሞውንም ትምህርቱን ትቶ መሪ ጨብጦ ታናሹን ያስተምር ነበር። ሸኪብም በስሙ ጠርቶት አያውቅም፤ «ጋሼ» ነው የሚለው።

ያችን በእጅ የምትያዝ መጫወቻ መጀመሪያ ወደዚያ ቤት ያስገባትም ደርዊሽ ነው። ከጅቡቲ ገዝቶ ጋቢናው ውስጥ ያኖራታል። ድንበር ላይ ወረፋ ሲይዝ፣ ጭነት ሲጠብቅ፣ ሙቀቱ አላስተኛ ሲለው ይጫወታል። ሸኪብ ሥራው እንደተሰጠው ሲነግረው እኔም እዚያው ነበርኩ።

«አደራህን» አለው ደርዊሽ፣ «ሕንፃውን ቀንስ፣ ዝናቡን ቀንስ፣ ሰማዩንም ከፈለግህ ቀንሰው። ሰዎቹን ግን እንዳትቀንስብኝ።»

«ጋሼ፣ ከባዶቹ እኮ ሰዎቹ ናቸው!»

«ወላሂ አልሰማህም። እኔ ከሚሌ ወዲያ ድንጋይ እያየሁ ነው የምውለው። ድንጋይ ላይ ለመብረር ጌም አያስፈልገኝም። ሕዝብ ላይ አብርረኝ።»

ያ ንግግር ቀልድ ነበር። ሸኪብ ግን ልቡ ላይ አኖረው።

ሥራው ሊያልቅ ተቃርቦ፣ ዓርብ ይላካል በተባለበት ሳምንት፣ ማክሰኞ ቀን በሬ ተንኳኳ። የሞሚና ወንድም ሙዓዊያ ነው፤ ገላን ኮንዶሚኒየም የሚኖር ነጋዴ። የእህቱ በር ፊት ለፊት እያለ የእኔን በር ማንኳኳቱን ሳይ ክፉ ነገር ጠረጠርኩ። በእኛ አገር ዘመድ ጎረቤት ቤት ቀድሞ የሚገባው ለአንድ ነገር ብቻ ነው። ጫማውን አውልቆ ገባ፣ ቁጭ አለ፣ ነገረኝ። የደርዊሽ ተሳቢ በረሃው ላይ ተገልብጧል። ሙዓዊያ ሌሊቱን ሲነዳ አድሮ ሎግያ ሲደርስ ሹፌሮች ቀብረውት ጨርሰዋል፤ በእስልምና ሬሳ አይቆይም። ከመቃብሩ ተመልሶ በቀጥታ ወደ እኔ ነው የመጣው። ንጋት ላይ ሰው ሰብስበን እናርዳቸው እየተባባልን ሳለ ሞሚና ሳታንኳኳ ገባች። የወንድሟን ጫማ በሬ ላይ አይታዋለች።

«ደርዊሽ ነው አይደል?» አለች። ሙዓዊያ አንገቱን ደፋ።

አልጮኸችም። የእኔንና የእነሱን በር አየችና በቀጥታ ሽንት ቤቴ ገብታ ዘጋች። ስከተላት ፎጣዬን አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ ግድግዳው ላይ ተለጥፋለች። ቧንቧውን ከፈትኩላት፣ ድምፁ እንዲሸፍናት። ስትወጣ ፊቷን ታጥባ፣ ሻሿን አስተካክላ ነው። «ሸኪብ እስኪጨርስ አይነገረውም» አለች።

ሙዓዊያ ተቆጣ። «ሞሚና፣ ወንድሙ ነው! ዱዓ ማድረግ ይገባዋል። ነገ ምን ልንለው ነው?»

«ደርዊሽ ራሱ ነው ያዘዘው። ዓርብ ይጨርሳል፤ ቅዳሜ ታረዱታላችሁ።»

የሟች ቃል ነው፣ ማን ይከራከራል? ሙዓዊያ ለፍቅሩ ብቻ ደውሎ ነገረው፣ ሥራው እንዲፋጠን። ወሬው ግን ከዚያ ወዲያ አገር ያወቀው ፀሐይ የሞቀው ሆነ። ሕንፃው በሙሉ ያውቃል። ባለሱቁ ያውቃል፣ ዘበኛው ያውቃል፣ የዕድር ሰዎች ድንኳኑን አዘጋጅተው ይጠብቃሉ። የማያውቀው ሸኪብ ብቻ ነው። ዳቦ ሊገዛ ሲወርድ ሰው ሁሉ ጥርሱን ያሳየዋል፣ ሲያልፍ ደግሞ ከንፈሩን ይመጥጣል። እኛ ሰዎች ክፋት የለብንም። እንዲህ ያለውን ደግነት ግን አንዳንዴ እግዜር ይይልን እላለሁ።

ሸኪብ እኮ ቤት ነው የሚሠራው። ሳሎን ውስጥ ነው የሚውለው። ሞሚና የት ሄዳ ታልቅስ? በሆነ ባልሆነው «አቻምየለሽ ጨው አለሽ?» እያለች ወደ እኔ ትሻገራለች። ያ ቤት በጨው ተሞላ። ውኃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ በመጣ ቀን ቧንቧ እከፍትላታለሁ፣ በሌለ ቀን ፎጣው ብቻ ነው። ፊቷን ታጥባ ስትመለስ ልጁ «ዓይንሽ ምን ሆነ እማ?» ይላታል። «የቱሉ ዲምቱ አቧራ» ትለዋለች። እሱም ያምናታል፤ አቧራችን ለዚህ አያንስም።

ዘመዶቹ ሙዓዊያ ቤት እዝን፣ የደርዊሽን ለቅሶ፣ ተቀምጠው ነበር። የሟች እናት ሳትገኝ አይሆንም። ታዲያ ሞሚና ለልጇ «የአክስትህ ልጅ የነጅላ ኒካህ አለ» ብላ ዋሸች። ኒካህ ከተባለ ደግሞ በአዘቦት ልብስ አይወጣም። የሐር ቀሚሷን ለበሰች፣ ወርቋን አደረገች። ሸኪብ ከስክሪኑ ዞር ብሎ አያት። «ማሻአላህ እማ! ሙሽራዋን እንዳታስንቂያት» አላት። ሳቀችለት። በዓይኔ አይቻለሁ፣ ሳቀችለት። ከዚያ እኔ ቤት ገብታ ወርቁን አውልቃ ጥቁሩን ለበሰችና ለልጇ ለቅሶ ሄደች። ማታ ስትመለስ መልሳ ቀሚሷን ለብሳ ገባች። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ብዙ አይቻለሁ፤ እንደዚያ ያለ ነገር ግን አላየሁም፣ ደግሞም አያሳየኝ።

ሸኪብ በመሃል ይደውላል። የደርዊሽ ስልክ አይሠራም። «ኔትወርክ የለም፣ ድንበር ላይ ወረፋ ይዞ ነው» ይላል ለራሱ፤ እኛ መዋሸት እንኳ አላስፈለገንም። በቴሌግራም ድምፁን ይልክለታል፦ «ጋሼ፣ ሰዎችህ እያስቸገሩኝ ነው፤ ግን አልነካቸውም።»

እውነትም አስቸግረውታል። ሌላው ሁሉ ተስተካክሏል። ጀግናው ከፍ ብሎ ሲበር መልካም ነው። ሕዝብ ወደሞላበት አደባባይ ዝቅ ሲል ግን መጫወቻዋ ትግላለች፣ ሥዕሉ ይቆራረጣል። ሐሙስ ዕለት ፍቅሩ ራሱ ከቦሌ መጣ። ሞሚና ከልጇ ጋር ብቻዋን መሆን ስለፈራች እኔን ጠርታ አጠገቧ አስቀምጣኛለች። ፍቅሩ ደረጃውን ወጥቶ በላብ ተጠምቋል፤ ወደ ሞሚና ማየት ፈርቷል።

«ሸኪብ፣ ሰዎቹን በግማሽ ቀንስና ነገ እንላከው። ያዘዙን ተስማምተዋል» አለ።

«አይሆንም።»

«እነሱ ተስማምተዋል እኮ ነው የምልህ! ማንም አያውቅም።»

«ጋሼ ያውቃል። መንገዱን አግኝቼዋለሁ ፍቅሩ፤ አንድ ሳምንት ስጠኝ።»

ፍቅሩ ያን ጊዜ ሞሚናን አያት። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። አንድ ቃል ከእሷ ቢወጣ ልጁ ሰዎቹን ይቀንሳል፣ ነገ ይልካል፣ ቅዳሜ ይረዳል፣ እሷም በቤቷ ታለቅሳለች። ይህን ሦስታችንም እናውቃለን።

«እማ፣ እስቲ ንገሪው» አለ ሸኪብ እየሳቀ። «ጋሼ ምን ነበር ያለኝ?»

ሞሚና ለፍቅሩ ሻይ ቀዳች። ብርጭቆውን ፊቱ አስቀምጣ «ሰዎቹን እንዳትቀንስብኝ ነው ያለህ» አለች።

«ታዲያስ?»

«ታዲያማ እንዳለህ አድርግለት።»

ፍቅሩ ሻዩን ሳይጠጣ ወጣ። ሞሚና እኔ ቤት ስትሻገር ደሜ ፈልቶ ጠበቅኋት። «አንቺ ሴትዮ አብደሻል? በሁለት ቀን ይገላግልሽ ነበር እኮ!»

ሽንት ቤቱ ደፍ ላይ ቁጭ አለች። «ካወቀ በኋላ እጁ የሚሄድ ይመስልሻል?» አለችኝ። «ለወንድሙ የሚሠራለት የመጨረሻ ነገር ነው። አሁን እየሳቀ ነው የሚሠራለት። ይሳቅ።» አጠገቧ ቁጭ አልኩ። እኔም አብሬያት አለቀስኩ፤ ያን ቀን ውኃ አልነበረም።

ያ ሳምንት አልገፋ አለ። ሞሚና ከሳች። ሸኪብ ግን ፊቱ እየበራ ሄደ። ያገኘው መንገድ እንዲህ ነው፦ ሩቅ የሚታዩት ሰዎች እግራቸውን ሁሉም በአንዴ አያነሱም፣ በየተራ ያነሳሉ። መጫወቻዋ በአንድ ጊዜ የምትሸከመው ጥቂቶቹን ብቻ ነው፤ ዓይን ግን ሁሉም የሚራመድ ይመስለዋል። ጀግናው ሲቀርባቸው ሙሉ ሰው ይሆናሉ። አንድ ሰው እንኳ አልቀነሰም።

ያለቀ ዕለት መጫወቻዋን አምጥቶ እናቱ እጅ ላይ አኖራት። «ይኸው እማ፣ ዝቅ በይ፣ ወደ ሰዎቹ ዝቅ በይ» እያለ ጣቷን ይዞ አሳያት። አደባባዩ ሞልቷል። ዣንጥላ የያዘ አለ፣ የሚሮጥ አለ፣ ቆሞ የሚያወራ አለ። ምንም አልተቆራረጠም።

«የት ነው የሚሄዱት?» አለችው።

«የትም አይሄዱም እማ። ዝም ብለው ነው የሚሄዱት» አላት። እሷም ረጅም ጊዜ አየቻቸው። ከዚያ ለፍቅሩ ላከው፤ ያዘዙትም ወደውት መልስ ላኩ። ሸኪብ በደስታ በሬን ደበደበ፣ እኔ ቤት የነበረችውን እናቱን አቅፎ አዞራት፣ «ጋሼ ሲሰማ!» አለ። ሞሚና ልጇን በትከሻው ላይ አሻግራ እኔን አየችኝና ራሷን ነቀነቀች። ለሙዓዊያ ደወልኩ።

በማግስቱ ንጋት ሱብሒ ተሰግዶ እንዳበቃ መጡ። ሙዓዊያ ከፊት፣ የመስጊድ ሽማግሌዎች ከኋላው፣ ከዚያ የዕድር ሰዎች፣ ከዚያ እኛ ነጠላችንን ያዘቀዘቅን ሴቶች፤ ደረጃው እስከ ታች ሞላ። ፍቅሩም መጥቷል። ሸኪብ በሩን ከፈተ። በእኛ አገር በዚያ ሰዓት እንዲያ ሆኖ የመጣን ሰው ምን ፈልገህ ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። መጀመሪያ ዞሮ እናቱን ፈለገ። እናቱ ከኋላው ቆማለች፣ በሕይወት አለች። ስለዚህ ማን እንደሆነ ማንም ሊነግረው አላስፈለገም።

«ኢና ሊላሂ» አለ ሙዓዊያ፤ ቀሪውን መጨረስ አቃተው።

«መቼ?» አለ ሸኪብ።

ሙዓዊያ ወደ ሞሚና አየ።

«አጎቴ፣ መቼ ነው?»

«ዓርብ ልትጨርስ በነበረበት ሳምንት። እሑድ ሌሊት።»

ሸኪብ ግድግዳውን ተደገፈ። ወደ ፍቅሩ አየ፤ ፍቅሩ ዓይኑን ሰበረ። ቀኖቹን አንድ በአንድ መልሶ ሲያስባቸው ከፊቱ ላይ ይነበብ ነበር። ድምፁን የላከበትን ቀን፣ የሐር ቀሚሱን ቀን፣ አንድ ሳምንት ስጠኝ ያለበትን ቀን። ሰዎቹን ቀንሶ ቢሆን ኖሮ መቼ ይሰማ እንደነበርም ገባው። ያን የመሰለ ፊት ማየት ሰው አይቻለውም፤ እኔ መሬት መሬት አየሁ።

«ቀብሩ ውስጥ ማን ወረደለት?» አለ።

«ሹፌሮች ናቸው ልጄ። እኔም አልደረስኩ። አንዱን አግኝቼዋለሁ፣ ዚያድ ይባላል፤ በእጁ ተቀብሎ ነው ያስተኛው።»

«ወይ እሱ ለእኔ ወይ እኔ ለእሱ ነበር የምንወርደው» አለ ሸኪብ። አላለቀሰም። ሴቶቹ ግን ጀመሩ፣ ደረጃው ከላይ እስከ ታች በለቅሶ ተናወጠ። ሁሉም የሚያየው ሞሚናን ነው። የሟች እናት ናት፤ ስንት ጊዜ ያመቀችው አሁን ይወጣላታል ብለን ነው የጠበቅነው፣ ከሁለት ወገን ልንይዛት ተጠግተናል። እሷ ግን ሳሎኑ መሃል እጇን አጣምራ ቆማ ልጇን ታየዋለች። ዓይኗ ከእሱ ላይ አይነሳም፣ ከንፈሯን ነክሳለች፣ ልክ እኔ ቤት ከመሻገሯ በፊት እንደምትሆነው። ሸኪብ ይህን አየ። ከዐሥር ቀን በላይ አጠገቡ የነበረውን ነገር ያን ጊዜ ነው ያየው። ሄዶ ሁለቱንም እጇን ያዘ።

«እማ» አላት፣ «ጨርሻለሁ እኮ። አልቅሺ።»

ሞሚና አፏን ከፈተች። ድምፅ አልወጣትም።